ከሦስቱ ትራንስፎርመሮች አንዱ ሲቃጠል ባንኩ (የሦስቱ ስብስብ) ስንት ይሸከማል?

ጥያቄ፦ «እያንዳንዳቸው 50 ኬቪኤ (የትራንስፎርመር የመሸከም አቅም መለኪያ) የሆኑ ሦስት ነጠላ ፌዝ ትራንስፎርመሮች ዴልታ–ዴልታ (በመግቢያም በመውጫም የውስጥ የሽቦ ጥቅሎቻቸው ሦስት ማዕዘን ሠርተው) ታስረው 400 ቮልት ይሰጡናል። ጭነታችን ሦስት ባለ 22 ኪሎ ዋት የውሃ ፓምፖችና አንድ ወርክሾፕ ነው። ሁሉም ሲሠራ በየመስመሩ 170 አምፒር ገደማ ይነበባል፤ ፓወር ፋክተራችን (ኪሎ ዋቱ ለኬቪኤው ሲካፈል) 0.8 አካባቢ ነው። በቅርቡ አንዱ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ኤሌክትሪሺያናችን የተቃጠለውን ነጥሎ በሁለቱ አስነሳልን፤ ‹ከሦስቱ ሁለቱ ስላሉ 100 ኬቪኤ አለን፣ ትንሽ ቢያልፍም ይችሉታል› ይላል። በምትኩ ባለ 75 ኬቪኤ አግኝተናል፤ ሰሌዳው ላይ ኢምፒዳንሱ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ውስጣዊ ተቃውሞ) 5 በመቶ ይላል፣ የእኛዎቹ 3 በመቶ ናቸው። እሱ ሲገባ ባንኩ 175 ኬቪኤ ይሆናል? ከሆነስ ባለ 20 ኬቪኤ ነጠላ ፌዝ ብየዳ ማሽን ልንጨምርበት እንችላለን?»

ምላሽ፦ ሁለቱ የሚሸከሙት 100 ኬቪኤ ሳይሆን 86.6 ኬቪኤ ነው፤ እናንተ ደግሞ አሁን የጫናችሁባቸው 118 ነው። ባለ 75ቱ ሲገባም ባንኩ 175 አይሆንም፤ በላካችሁት የኢምፒዳንስ ቁጥር ከሄድን ጭራሽ ከቀድሞው 150 በጥቂቱ ያንሳል። ብየዳ ማሽኑ ግን ይቻላል፣ በየትኛው ትራንስፎርመር በኩል እንደሚታሰር ከታወቀ። ሦስቱም መልሶች የሚመነጩት ከአንድ ነገር ነው፦ የባንክ አቅም የሰሌዳዎች ድምር አይደለም። ከጥቅሎቹ አንዱ የተፈቀደለትን አምፒር ሲሞላ ባንኩ ሞልቷል፤ ሌሎቹ ግማሽ ባዶ ቢሆኑም ለውጥ የለውም።

ከሁለቱ እንጀምር። የእያንዳንዱ ትራንስፎርመር የሰከንደሪ (400 ቮልቱ የሚወጣበት ወገን) ጥቅል ልኩ 50,000 ለ400 ሲካፈል 125 አምፒር ነው። ሦስቱ በዝግ ዴልታ ሳሉ እያንዳንዱ መስመር የሚነሳው ከሁለት ጥቅሎች መገናኛ ስለሆነ የመስመሩ አምፒር ለሁለቱ ይከፋፈላል፤ ጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው የመስመሩ አምፒር ለ1.732 ተካፍሎ ነው። ስለዚህ መስመሩ 216 አምፒር እስኪደርስ ድረስ ጥቅሉ ከ125 አያልፍም፤ ባንኩም 150 ኬቪኤ ይሆናል። አንዱን ትራንስፎርመር ስታወጡ ከሦስቱ መስመሮች ሁለቱ እያንዳንዳቸው በአንድ ጥቅል ጫፍ ላይ ብቻ ይቀራሉ። የሚከፋፈልበት ሌላ መንገድ የለም፤ የመስመሩ አምፒር በሙሉ ጥቅሉ ውስጥ ያልፋል። እንግዲህ መስመሩም ከ125 አምፒር ማለፍ አይችልም ማለት ነው። 1.732 ሲባዛ 400 ሲባዛ 125፣ 86.6 ኬቪኤ። ይህ ከቀድሞው 150 ውስጥ 57.7 በመቶ፣ ከሁለቱ ሰሌዳ ድምር ደግሞ 86.6 በመቶ ነው። ክፍት ዴልታ የሚባለው ይኸው ነው።

ኤሌክትሪሺያናችሁ «ከሦስት ሁለት» ያለው የዋህ ስሌት ቢሆንም ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ሁለቱም ትራንስፎርመሮች እኮ ሙሉ ናቸው፣ 13.4 ኬቪኤው የት ገባ? መልሱ በፌዝ ማዕዘን ላይ ነው። በክፍት ዴልታ አንዱ ጥቅል የሚሠራው ከጭነቱ ማዕዘን 30 ዲግሪ ተቀንሶ፣ ሌላው 30 ዲግሪ ተጨምሮ ነው። የእናንተ ፓወር ፋክተር 0.8 ስለሆነ ማዕዘኑ ወደ 37 ዲግሪ ነው፤ አንዱ ትራንስፎርመር 0.99 ላይ፣ ሌላው 0.39 ላይ ይሠራል። ሁለቱም ልክ 125 አምፒር ቢሸከሙ የመጀመሪያው 49.6 ኪሎ ዋት፣ ሁለተኛው 19.6 ኪሎ ዋት ብቻ ይሰጣሉ፤ ድምሩ 69 ኪሎ ዋት። በዋት መለኪያ ብቻ የሚያይ ሰው ሁለተኛውን «ሥራ የፈታ» ብሎ ተጨማሪ ጭነት ሊሰጠው ይከጅላል። ጥቅሉን የሚያሞቀው ግን ኪሎ ዋቱ ሳይሆን አምፒሩ ነው፤ አምፒሩ ደግሞ በሁለቱም እኩል ነው።

አሁን ወዳላችሁበት ሁኔታ። 170 አምፒር ለ125 ሲካፈል 1.36 ነው፤ ማለትም በየጥቅሉ 36 በመቶ ትርፍ ጭነት አለ፣ «ትንሽ ቢያልፍ» የሚባል አይደለም። የመዳብ ብክነት በአምፒሩ ካሬ ስለሚያድግ በጥቅሉ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት 1.85 እጥፍ ሆኗል። ይህን ወደ ዲግሪ ልቀይረው። የዘይቱ ጭማሪ 60፣ የጥቅሉ አማካይ ጭማሪ 65 ዲግሪ ተብሎ የተሠራና የጭነት ብክነቱ ከባዶ ብክነቱ (ጭነት ሳይኖር ከሚባክነው ኃይል) አምስት እጥፍ የሆነ ትራንስፎርመር ብንወስድ፣ በ25 ዲግሪ አየር ውስጥ ይህን ጭነት ያለማቋረጥ ቢሸከም የላይኛው ዘይት ወደ 117 ዲግሪ፣ የጥቅሉ በጣም ሞቃት ነጥብ ወደ 155 ዲግሪ ይደርሳል። የአይኢሲ (የዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ መስፈርት አውጪ) 60076-7 የጭነት መመሪያ ለተለመደ ውጣ ውረድ ጭነት የሚፈቅደው ዘይቱ እስከ 105፣ ሞቃት ነጥቡ እስከ 120 ነው። በዚሁ መመሪያ መሠረት ተራ የመከለያ ወረቀት ከ98 ዲግሪ በላይ በየ6 ዲግሪው የእርጅና ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ከ140 በላይ ደግሞ ጉዳዩ እርጅና ብቻ አይደለም፤ ከወረቀቱና ከዘይቱ ውስጥ የጋዝ አረፋ ሊፈጠር ይችላል፣ አረፋ ባለበት ዘይት ከለላ መሆኑን ያቆማል። ያኔ ሁለት ሳይሆን አንድ ትራንስፎርመር ይዛችሁ ትቀራላችሁ፤ በአንዱ ደግሞ ሦስት ፌዝ የለም።

«እስካሁን ችለውት የለ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። የዘይት ትራንስፎርመር ሙቀት የሚጨምረው ቀስ ብሎ ነው፤ የዚህ መጠን ትራንስፎርመር የመጨረሻ ሙቀቱ ላይ ለመድረስ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሰዓት ጋኑን በእጅ ነክቶ «አልሞቀም» ማለት ምንም አያረጋግጥም። ይህ ጠባይ በአግባቡ ሲያዝ ጥቅም አለው፤ ትራንስፎርመሩ ቀድሞ በግማሽ ጭነት ከቆየና አየሩ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ለአንድ ሁለት ሰዓት ከሰሌዳው በላይ መጫን መመሪያውም ይፈቅደዋል። ፓምፕ ግን እንደዚያ አይሠራም፤ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ዓይነት የሚጎትት ጭነት ነው። ለሰዓት የተፈቀደን ለቀን ማዋል አይቻልም። በሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ራሱ ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና ቢበዛ 40 ዲግሪ አየር ታስቦ የተጻፈ መሆኑንም አትርሱ፤ ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ያለ ባንክ ትርፉ ይበልጥ ጠባብ ነው።

ማንም ያላነሳው ሌላ ነገር አለ፣ እሱን ዛሬውኑ እዩት። ዋናው ብሬከራችሁ የተመረጠው ለ150 ኬቪኤ ባንክ ነው፤ ማለትም ለ216 አምፒር አካባቢ። ባንኩ ወደ ክፍት ዴልታ ሲቀየር የብሬከሩን ልክ የለወጠ ሰው የለም። እንግዲህ ጥቅሎቹ 125 አምፒር ልካቸው ሆኖ 200 አምፒር ቢያልፍባቸው እንኳ ብሬከሩ ዝም ይላል። ሁለቱ ትራንስፎርመሮች ከትርፍ ጭነት የሚጠብቃቸው ነገር የለም ማለት ነው። የሙቀት መቁረጫው የሚስተካከል ከሆነ 125 ላይ አውርዱት፤ የማይስተካከል ከሆነ ባለ 125 ብሬከር ይተካ። ፓምፕ ሲነሳ የሚመጣው አጭር ግፊት የጊዜ መዘግየቱን ካላለፈ አይቆርጥም፤ ከቆረጠ መፍትሔው ፓምፖቹን አንድ በአንድ፣ ዕረፍት ሰጥቶ ማስነሳት ነው እንጂ ብሬከሩን መልሶ ማሳደግ አይደለም።

የፓምፕ መነሳት ካነሳን፣ ክፍት ዴልታ ላይ ቮልቴጁም ይዛባል። ባለ 22 ኪሎ ዋት ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ከሙሉ ጭነቱ ስድስት እጥፍ ያህል፣ ወደ 250 አምፒር ይጎትታል። በዝግ ዴልታ በ3 በመቶ ኢምፒዳንስ ይህ የሚያመጣው የቮልቴጅ መውደቅ 3.5 በመቶ ገደማ፣ በሦስቱም ፌዝ እኩል ነበር። በክፍት ዴልታ ትራንስፎርመር ባለባቸው ሁለት ጎኖች ወደ 5 በመቶ፣ ትራንስፎርመር በሌለበት ጎን ደግሞ ወደ 10 በመቶ ይሆናል፤ የሌለው ጎን ቮልቴጅ የሚገኘው ከሁለቱ ድምር ስለሆነ የሁለቱንም ውድቀት ይወርሳል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላም በሙሉ ጭነት 1.5 በመቶ ያህል የቮልቴጅ አለመመጣጠን ይቀራል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በሞተሩ ውስጥ የአምፒሩ አለመመጣጠን ከቮልቴጁ ከስድስት እስከ አሥር እጥፍ ሊሆን ይችላል። በኔማ (የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ማኅበር) የሞተር መስፈርት አለመመጣጠኑ ከ1 በመቶ ሲያልፍ የሞተሩ ጭነት መቀነስ ይጀምራል፣ ከ5 በመቶ በላይ ማሠራት አይመከርም። ስለዚህ በሁለት ትራንስፎርመር እያላችሁ የፓምፖቹን ኦቨርሎድ ሪሌይ (ሞተሩን ከትርፍ ጭነት የሚጠብቅ መቁረጫ) ልክ እዩ፤ ከሞተሩ ሰሌዳ በላይ የተቀመጠ ካለ መልሱት። ስታር–ዴልታ ስታርተር ካላችሁ የመነሻውን አምፒር ወደ ሲሶ ስለሚያወርደው በዚህ ወቅት ዋጋው ብዙ ነው።

በ86.6 ኬቪኤ ውስጥ ለመግባት ምን ይቀነስ? አንዱ ፓምፕ ከመስመሩ የሚወስደው 24 ኪሎ ዋት ያህል፣ በ0.8 ፓወር ፋክተር 30 ኬቪኤ፣ ማለትም 43 አምፒር ነው። አንድ ፓምፕ ሲቆም 170ው ወደ 127 ይወርዳል። አሁንም ከልኩ በ2 አምፒር ያልፋል፤ ሁለቱ ፓምፖች በሚሠሩበት ሰዓት ከወርክሾፑ አንድ ሁለት ማሽን ማቆም ይበቃል። ካፓሲተር ቢጨመርስ የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ግማሽ መፍትሔ ነው። ፓወር ፋክተሩን ከ0.8 ወደ 0.95 ብታወጡት በ86.6 ኬቪኤ ውስጥ የሚገባው 69 ኪሎ ዋት ወደ 82 ያድጋል፣ ለዚያም 35 ኬቫር (የካፓሲተር መጠን መለኪያ) ያህል ካፓሲተር ያስፈልጋል። 13 ኪሎ ዋት ቀላል አይደለም። ሙሉው ጭነታችሁ ግን 94 ኪሎ ዋት ነው፤ ፓወር ፋክተሩ ፍጹም 1 ቢሆን እንኳ 94 ኪሎ ዋት 86.6 ውስጥ አይገባም። ካፓሲተሩን ለወራት ለሚቆይ ጊዜያዊ ሁኔታ ብቻ ብላችሁ አትግዙት፤ የምትገዙት ባንኩ ወደ ሦስት ከተመለሰ በኋላም የምትጠቀሙበት ከሆነ ነው። ሲተከልም ጭነቱ ሲቀንስ አብሮ የሚቋረጥ ይሁን፤ ሞተሮቹ ቆመው ካፓሲተሩ ብቻ መስመር ላይ ሲቀር ቮልቴጁን ያነሳል።

በነገራችን ላይ በሁለት ትራንስፎርመር መሥራት የቻላችሁት ባንኩ ዴልታ–ዴልታ ስለሆነ ነው። ፕራይመሪው (ኃይሉ የሚገባበት ወገን) ስታር (የሦስቱ ጥቅሎች አንዳንድ ጫፍ ኒውትራል በሚባል ነጥብ ሲገናኝ)፣ ሰከንደሪው ዴልታ ቢሆን ኖሮ የፕራይመሪው ኒውትራል ከመጋቢው መስመር ኒውትራል ጋር ካልተያያዘ በሁለቱ ሦስት ፌዝ ማውጣት አይቻልም። ስታር–ስታር ሲሆን ደግሞ አንዱ ሲጠፋ አንድ ፌዝ አብሮ ይጠፋል። ይህን ምላሽ የሚያነብ ሌላ ሰው የራሱን ግንኙነት ሳያይ አንዱን ነቅሎ አያስነሳ።

ወደ ባለ 75ቱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዝግ ዴልታ ውስጥ ሦስቱ ጥቅሎች ክብ ሠርተው ስለሚገናኙ ማን ምን ያህል እንደሚሸከም የሚወስነው የሰሌዳው ኬቪኤ ሳይሆን በኦም የሚለካው ኢምፒዳንስ ነው። በሰሌዳ ላይ የተጻፈው በመቶ ደግሞ ትራንስፎርመሩ ከራሱ መጠን አንጻር የተጻፈ ስለሆነ የ50ውን 3 በመቶና የ75ቱን 5 በመቶ እንዳሉ ማወዳደር አይቻልም። ወደ ኦም እንቀይራቸው። ለባለ 50ው 400 በራሱ ተባዝቶ ለ50,000 ሲካፈል 3.2 ኦም፤ የዚያ 3 በመቶ 0.096 ኦም ነው። ለባለ 75ቱ 2.133 ኦም፤ የዚያ 5 በመቶ 0.107 ኦም ነው። ትልቁ ትራንስፎርመር በኦም ሲታይ ከትንንሾቹ የከበደ ሆነ። ኤሌክትሪክ ደግሞ የሚያደላው ወደ ቀለለው መንገድ ነው፤ ስለዚህ ባለ 75ቱ ድርሻውን ለሁለቱ ባለ 50ዎች ይገፋል።

ምን ያህል? በሦስት ፌዝ የተመጣጠነ ጭነት፣ የሦስቱም የሬዚስታንስና የሪአክታንስ (የኢምፒዳንስ ሁለት ክፍሎች) ጥምርታ ተቀራራቢ ነው ብለን ስናሰላ፣ ባለ 75ቱ እኩል ድርሻ ቢሆን ከሚሸከመው 96 በመቶውን፣ ባለ 50ዎቹ ደግሞ 102 በመቶውን ይወስዳሉ። ባለ 50ዎቹ ቀድመው ስለሚሞሉ ባንኩ የሚቆመው 147 ኬቪኤ ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ባለ 75ቱ የያዘው 47 ብቻ ነው። 25 ኬቪኤ ጨምራችሁ 3 ኬቪኤ አጣችሁ። ኢምፒዳንሱ 4.5 በመቶ ቢሆን ኖሮ በኦም ከባለ 50ዎቹ ጋር እኩል ስለሚሆን ባንኩ ልክ 150 ይሆን ነበር። 3 በመቶ ቢሆን 0.064 ኦም ይሆንና ባለ 75ቱ 12.5 በመቶ ትርፍ ድርሻ ይወስዳል፣ ባለ 50ዎቹ ወደ 94 በመቶ ይወርዳሉ፣ ባንኩም 159 ይደርሳል። በሚመቸው ሁኔታ እንኳ ትርፉ 9 ኬቪኤ ነው። 175 የሚባለው ቁጥር በየትኛውም መንገድ አይመጣም።

ይህ ማለት ግን ባለ 75ቱ አይረባም ማለት አይደለም። ብየዳ ማሽኑ ጋር ስንደርስ ቦታው ይገኛል። በዝግ ዴልታ ላይ በሁለት መስመሮች መካከል ነጠላ ፌዝ ጭነት ሲታሰር፣ ትራንስፎርመሮቹ እኩል ከሆኑ፣ በዚያ ጎን ያለው ትራንስፎርመር የጭነቱን ሁለት ሦስተኛ ይወስዳል፤ አንድ ሦስተኛው በሌሎቹ ሁለት በኩል ዞሮ ይመጣል። ሦስት ባለ 50 ቢኖራችሁ ኖሮ አሁን ያለው 118 ኬቪኤ ለሦስት ሲካፈል 39.3 ነው፤ ከ20ው ብየዳ ሁለት ሦስተኛው 13.3። ድምሩ 52.6። ጠቅላላ ጭነቱ 138 ሆኖ ከ150 በታች ሳለ አንዱ ትራንስፎርመር ሞልቶ ፈሰሰ። ሌሎቹ ሁለቱ 43 ላይ ናቸው። «ገና 12 ኬቪኤ ይቀረናል» ብሎ ድምሩን ብቻ የሚያይ ሰው ትራንስፎርመር የሚያቃጥለው እንዲህ ነው። ስሌቱ የብየዳው ፓወር ፋክተር ከሌላው ጭነት ጋር አንድ ነው ብሎ የከፋውን ይዟል፤ ብየዳ እየተቆራረጠ የሚሠራ መሆኑም ያቀልለዋል። ለመጠን መምረጫ ግን በከፋው መሄድ ነው የሚያዋጣው።

ባለ 75ቱን አስገብታችሁ ብየዳውን በእርሱ ጎን ብታስሩትስ? እርሱ ወደ 51 ኬቪኤ ይደርሳል፤ ልኩ 75 ስለሆነ ሰፊ ቦታ አለው። ባለ 50ዎቹ 44 ላይ ይቆያሉ። ሁሉም በልካቸው ውስጥ ናቸው። ብየዳው በስህተት በአንዱ ባለ 50 ጎን ቢታሰር ግን ያ ትራንስፎርመር ከ53 ያልፋል፣ ባለ 75ቱም አጠገቡ ሆኖ ምንም አያግዘውም። በአንድ ባንክ ውስጥ አንዱን ትራንስፎርመር አተልቆ ነጠላ ፌዝ ጭነቱን በእርሱ ላይ መስቀል የቆየና ትክክለኛ አሠራር ነው፤ የትልቁ ትራንስፎርመር ጥቅም የሚታየው በዚያ ብቻ ነው። ክፍት ዴልታ ላይ ሳላችሁ ግን ብየዳውን አትሞክሩት። ትራንስፎርመር ባለበት ጎን ቢታሰር ሙሉውን ያ ትራንስፎርመር ይሸከመዋል፣ በሌለበት ጎን ቢታሰር ደግሞ ሙሉ አምፒሩ በሁለቱም ውስጥ ያልፋል።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ዛሬ አንድ ፓምፕ አቁሙ፣ ብሬከሩን ወደ 125 አውርዱ። ብየዳው የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ባለ 75ቱን ግዙ፣ ባንኩን ግን ለሦስት ፌዝ ጭነት 147 ኬቪኤ ብላችሁ መዝግቡት፤ ብየዳውንም በእርሱ ጎን ብቻ እሰሩ። ብየዳው የማይቀር ካልሆነ ባለ 75ቱን ትታችሁ 3 በመቶ አካባቢ ኢምፒዳንስ ያለው ባለ 50 ፈልጉ፤ ወደፊት አንዱ ቢበላሽ እርስ በርስ የሚተካኩ ሦስት ተመሳሳይ ትራንስፎርመሮች መያዝ ይሻላል። ጭነታችሁ 118 ስለሆነ 150 ኬቪኤ ባንክ 79 በመቶ ላይ ይሠራል፤ ለሞተር ጭነት ተገቢ መጠን ነው። አራተኛ ፓምፕ ከታሰበ ግን አንዱን በማተለቅ አይሆንም፤ ሦስቱም በአንድነት መቀየር አለባቸው።

አዲሱ ከመግባቱ በፊት የመጀመሪያው ለምን እንደተቃጠለ መታወቅ አለበት። ጭነታችሁ የተመጣጠነ ከነበረ 79 በመቶ ላይ ያለ ትራንስፎርመር ከጭነት ብዛት አይቃጠልም። ነጠላ ፌዝ ጭነት በእርሱ ጎን ተከማችቶ እንደሆነ፣ ታፑ (የቮልቴጅ ማስተካከያ ደረጃው) ከሌሎቹ የተለየ እንደነበረ፣ ዘይቱ ጎድሎ ወይም ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ፈትሹ። የቀሩት ሁለቱም በ136 በመቶ ስንት ጊዜ እንደሠሩ አይታወቅምና የኢንሱሌሽንና የዘይት ምርመራ ሳይደረግላቸው ከአዲስ ትራንስፎርመር ጋር ባይጣመሩ ይሻላል።

ታፕን በተመለከተ ቸል አትበሉ። የሦስቱም የቮልቴጅ ጥምርታ አንድ፣ ታፖቻቸውም አንድ ደረጃ ላይ መሆን አለባቸው። አንዱ በአንድ ታፕ፣ በ2.5 በመቶ ቢለይ በክቡ ውስጥ 10 ቮልት ትርፍ ይቀራል። የሦስቱ ኢምፒዳንስ ድምር ደግሞ በጣም ትንሽ፣ ለእኩል ባለ 50ዎች 9 በመቶ ስለሆነ፣ ምንም ጭነት ሳይኖር ከሙሉ ልኩ 28 በመቶ፣ 35 አምፒር ያህል በጥቅሎቹ ውስጥ ሲዞር ይውላል። በመስመሩ አምፒር ሜትር ላይ አይታይም።

ዴልታው የሚዘጋው ደግሞ ከተለካ በኋላ ነው። ሁለቱን ማዕዘኖች እሰሩ፣ ሦስተኛውን ክፍት ተዉት፣ በፕራይመሪው ኃይል ስጡ፣ በክፍቱ ማዕዘን ሁለት ጫፎች መካከል ከ1,000 ቮልት በላይ በሚችል መለኪያ ለኩ። ጥቂት ቮልት ብቻ ከተነበበ ትክክል ነው። ወደ 10 ቮልት ከሆነ ታፕ ተለያይቷል። ወደ 800 ከሆነ የአንዱ ትራንስፎርመር ፖላሪቲ (የጫፎቹ አቅጣጫ) ተገልብጧል፤ በዚያ ሁኔታ ማዕዘኑን መዝጋት ሾርት ማድረግ ነው። ልኬቱ ደህና ከሆነ ኃይሉን ቆርጣችሁ፣ መቆረጡን አረጋግጣችሁ፣ መሬት አስይዛችሁ ነው የምታስሩት።

ከተዘጋ በኋላ ክላምፕ ሜትሩን በመስመሩ ላይ ሳይሆን ወደ እያንዳንዱ ትራንስፎርመር በሚገባው ሽቦ ላይ አድርጉ። ባለ 75ቱ ገብቶ፣ ብየዳው ጠፍቶ፣ መስመሩ 170 አምፒር በሚያነብበት ሰዓት በባለ 75ቱ 95፣ በእያንዳንዱ ባለ 50 ወደ 100 አምፒር ማየት አለባችሁ። ብየዳው ሙሉ ሲጎትት እርሱ ወደ 127፣ እነርሱ ወደ 110 ይወጣሉ። ንባቡ ከዚህ ከ10 አምፒር በላይ ከራቀ ጭነቱን አንሱና ታፑንና የሰሌዳውን ኢምፒዳንስ እንደገና እዩ።